አጥሩን ማን ነቀነቀው?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምናነሳው ሌላ ሰው ሲደፍረን ነው። ጎረቤት ድንበር ሲገፋ፣ ባዕድ ሲመጣብን። ዛሬ ግን ወደ ራሳችን ላዙረው። ከጅግጅጋ በስተሰሜን፣ ሶማሌላንድ ድንበር ጥግ፣ አውበሬ የምትባል ከተማ አለች። በእሷና በዙሪያዋ፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም፣ በኮረብታና በሸለቆ አፍ ላይ ጥንታዊ የድንጋይ ፍርስራሾች አሉ። የቤት ግድግዳ፣ የመስጊድ መሠረት፣ የመቃብር ክምር፣ ምን እንደሆነ ገና ያልተነገረለት የድንጋይ ክብ። ይህን አጥር የሚነቀንቀው ባዕድ አይደለም። ባለቤቱን የናቅነው እኛው ነን።

ንቀት ስል ስድብ ማለቴ አይደለም። ማንም ተነስቶ የአውበሬን ድንጋይ አልሰደበም። ንቀቱ አለመቁጠር ነው። የናቁትን ነገር አይቆጥሩትም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱ አይታወቅም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሙዚየም አይደለም፣ ሐውልት አይደለም፣ የቱሪስት ሆቴልም አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ይሂድ፣ ይርገጠው፣ ይለካው፣ ይጻፈው።

ስሙን እንኳ

ከስሙ እንጀምር። አማርኛ ተናጋሪ «አውበሬ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የሚያርሰው በሬ ነው። ፈገግ ይላል። «ምን ዓይነት በሬ ነው ደግሞ?» ይላል። «አው» ግን በሶማሊኛ ለሃይማኖት አዋቂ፣ ለተከበረ አባት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። አው በሬ ሰው ናቸው። መቃብራቸው የሚዘየር ወሊይ፣ ከተማዋም በስማቸው የተጠራች።

ይህችው ከተማ በመንግሥት ካርታና ደብዳቤ ላይ ለረጅም ዘመን «ተፈሪ በር» ስትባል ኖራለች። እስቲ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው እዚያ የተቀበረን ሰው ይጠራል። ሁለተኛው ቦታውን በር ይለዋል፤ ያውም የሌላ ሰው በር። አንድን ቦታ በር ብሎ የሚሰይመው በዚያ የሚያልፍ ሰው ነው። እዚያ ለሚኖር፣ እዚያ ለሚቀበር፣ ቦታው ቤት ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያየ ሁሉ ለመቶ ዓመት ያየው በር ነው፦ የኮንትሮባንድ በር፣ የጦር በር፣ የስደት በር።

አሁንስ? ስልካችሁን አውጡና ስሙን ፈልጉት። ጉግል ቀድሞ የሚያመጣላችሁ የስደተኞች መጠለያውን ነው። መጠለያው በ2007 እ.ኤ.አ. ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ የሸሹ ሰዎችን ለመቀበል ተከፈተ። በዓመቱ ጎረቤቱ ሸደር ተከተለ። እዚያ የገባ ቤተሰብ በስምና በቁጥር ተመዝግቧል፤ መመዝገብም ነበረበት፤ ሰው ከድንጋይ ይቀድማል። ግን ይህ አንድ ነገር ያሳያል። አውበሬ ድረስ ሄዶ መቁጠር ይቻላል። መንገዱ አለ፣ መኪናው ይደርሳል፣ ቅጹ ይሞላል። ፍላጎት ሲኖር አውበሬ ሩቅ አይደለችም።

ያዩት ሰዎች

ፍርስራሾቹ «ያልታወቁ» ናቸው የሚል ካለ፣ ለማን ነው ያልታወቁት ብዬ እጠይቀዋለሁ። እረኛው ያውቃቸዋል። ፍየል ያስጠልልባቸዋል። ዘያሪው ያውቃቸዋል። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው።

ውጪ አገር ሰዎችም አውቀዋቸዋል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1854 መጨረሻ እ.ኤ.አ. የአረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ በዚህ አገር በኩል አለፈ። በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ «ዳርቢያ ኮላ» ስለምትባል ፍርስራሽ ከተማ ጽፏል። ዳርቢ በሶማሊኛ ግድግዳ ማለት ነው። ሰዎቹ የነገሩት ተረት ደግሞ እንዲህ ነው፦ ኮላ የምትባል ንግሥት ነበረች፤ ከተማዋና ጎረቤቷ አውቡባ እስኪጠፋፉ ድረስ ተዋጉ። በርተን ተረቱን ጻፈና መንገዱን ቀጠለ። እሱን ያስቸኮለችው ሐረር ነበረች።

ከዚያ 1930ዎቹ መጡ። ኢትዮጵያና ብሪታኒያ በ1897 እ.ኤ.አ. በወረቀት የተስማሙበትን ድንበር በምድር ላይ የሚያሰምር የጋራ ኮሚሽን ተሰማራ። ቀያሾቹ መሣሪያቸውን ተክለው፣ አንግል ለክተው፣ የድንበር ምልክት እያቆሙ አለፉ። ከብሪታኒያ ወገን ሹማምንት አንዱ ኤ. ቲ. ከርል ይባላል። ይህ ሰው የድንበሩን ሥራ እየሠራ ፍርስራሾቹንም አያቸው። በ1937 «አንቲክዊቲ» በተባለው የአርኪዮሎጂ መጽሔት ላይ ስለ ሶማሌ ምድር ፍርስራሽ ከተሞች ጽሑፍ አወጣ። አሙድ፣ አባሳ፣ አው ቡባ፣ አው በሬ፣ ሌሎችም ተጠቀሱ። ከቻይና የመጣ አረንጓዴ ሸክላና ሰማያዊና ነጭ ሸክላ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ በግብፅ ከ1468 እስከ 1496 የነገሠው የሱልጣን ቃይትባይ ሳንቲም ተለቀመ። ከዚያ የተሰበሰበው ዕቃ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።

ቆይ፣ ይህን በደንብ እንየው። በዚያ ምድር ላይ ሁለት ነገር ነበር፦ ገና የሚሰመር መስመርና የቆየ ከተማ። መንግሥታቱ ገንዘብና ወታደር መድበው የለኩት መስመሩን ነው። ከተማውን ያየው አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ነው። መስመሩ ዛሬ በየካርታው አለ። ለከተማው ግን ዛሬም ድረስ የምንጠቅሰው ያንኑ የትርፍ ሰዓት ጽሑፍ ነው።

ከድንበሩ ማዶ ነገሩ ተንቀሳቅሷል። ከ2015 ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች፣ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ሆርሄ ዴ ቶሬስ ከቡድናቸው ጋር፣ ሶማሌላንድ ውስጥ እየዞሩ የመካከለኛውን ዘመን ከተሞች፣ የቅፍለት ማረፊያዎችንና ወደቦችን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ሶማሌላንድን እንደ አገር የሚያውቃት መንግሥት በጠፋበት ዘመን እንኳ ድንጋዮቿን የሚያውቅ ሰው አገኘች። እኛ የአፍሪካ ኅብረትን ዋና መቀመጫ ይዘን ተቀምጠናል።

«ቅድመ ታሪክ» የሚባል ማጠቢያ

አሁን ወደ አንድ ቃል ልምጣ፤ ወደ «ቅድመ ታሪክ»። ቃሉ በሥርዓቱ ሲሠራበት ምንም ክፋት የለበትም። ጽሕፈት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ዘመን ማለት ነው። በሐረርና በጨርጨር ደጋ ላይ ፈረንሳዊው ሮጀር ዡሶም በ1970ዎቹ ያጠናቸው ትልልቅ የድንጋይ መቃብሮች ቅድመ ታሪክ ናቸው። ሐርጌሳ አጠገብ ያለው የላስ ጌል ዋሻ ሥዕልም እንዲሁ። (ላስ ጌልን በ2002 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች «አገኙት» ተባለ። አጠገቡ ከብት የሚያግዱት ሰዎች ጠፍቷቸው አያውቅም ነበር።)

ችግሩ ቃሉን የምንጠቀምበት መንገድ ነው። ምሥራቅ ላይ አንድ የድንጋይ ክብ ስናይ፣ ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው ሳንል «የጥንት ነው፣ ቅድመ ታሪክ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። አክሱም ላይ ድንጋይ ሲገኝ ግን በስንተኛው ክፍለ ዘመን፣ በየትኛው ንጉሥ እንላለን። በአንድ አገር ውስጥ ለአንዱ ድንጋይ ንጉሥ እንፈልግለታለን፤ ለሌላው ጭጋግ ይበቃዋል።

የአውበሬ አካባቢ ከተሞች ጭጋግ ውስጥ የሚገቡ አይደሉም። በሳንቲማቸውና በሸክላቸው ሲገመት፣ ዋናው ዘመናቸው በመካከለኛው ዘመን፣ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የሚዘልቅ ነው። ማለትም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲነግሡ እዚያ ሰው ቤት ይሠራ ነበር። ጽሕፈት ያውቃሉ፣ ቁርአን ይቀራሉ፣ ከግብፅ ሳንቲም ይቀበላሉ፣ በቻይና ሳህን ይበላሉ። ይህ ቅድመ ታሪክ ከሆነ የጎንደርም ግንብ ቅድመ ታሪክ ይባልልን።

ነገሩ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ይህን ምድር በትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ነገር ሲነሳ ብቻ ነው፤ ጦርነት። በ1332 የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመቻ። በ1529 ሽምብራ ኩሬ። በ1543 የኢማም አሕመድ ሞት። ምሥራቁ በዜና መዋዕላችን የሚታየው ጦር ሲሄድበት ወይም ጦር ሲመጣበት ነው። በመካከሉስ? ከአንዱ ዘመቻ እስከ ሌላው ሁለት መቶ ዓመት አለ። በእነዚያ ሁለት መቶ ዓመታት ሰው ግድግዳ ይመርጋል፣ ግድግዳው ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ መስኮት ያበጃል (ሐረር ጁገል ቤት የገባ ሰው ምን እንደምል ያውቀዋል)፣ ውሃ ይቀዳል፣ ልጅ ይድራል፣ ሙት ይቀብራል። ይህን የሚነግረን ዜና መዋዕል የለም። የሚነግረን ድንጋዩ ነው። ድንጋዩን ካላነበብን ጎረቤታችንን ከጦሩ ጫፍ በቀር አናውቀውም።

ግዙፎች፣ ንግሥቶች፣ ቱርኮች

ጥናት በሌለበት ተረት ይነግሣል። ድሬዳዋና ሐረር መካከል ባለችው ሐርላ መንደር፣ ገበሬዎች ሲያርሱ የሚያገኟቸውን ትልልቅ የግንብ ድንጋዮች አይተው «እዚህ ግዙፎች ይኖሩ ነበር» ይሉ ነበር። ይህን ድንጋይ ተራ ሰው አያነሳውማ! ሌላ ቦታ ቱርኮች ሠሩት ይባላል፣ ሌላ ቦታ ፖርቹጋሎች። በርተን ዘንድ ንግሥት ናት።

ተረት ሲያወራ ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሁሉም ተረት መጨረሻ አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ሠሪው ሁሌም ሌላ ሰው ነው። የኛ አያት አይደለም፣ የጎረቤታችንም አያት አይደለም። ከሰው ልክ ውጪ ነው ወይ ከባሕር ማዶ ነው።

ይህ ጨዋታ ሌላ ቦታ ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ታላቋ ዚምባብዌ የምትባል ግዙፍ የድንጋይ ቅጥር አለች፤ አንዱ ክፍሏ ኮረብታ ላይ፣ አንዱ ሸለቆ ውስጥ። ቅኝ ገዢዎቹ አፍሪካዊ ሠራት ማለት አልዋጥ ሲላቸው የንግሥተ ሳባ ናት፣ የፊንቃውያን ናት አሉ። ሪቻርድ ሆል የተባለው ሰው በ1902 ተሹሞ «ላጽዳት» ብሎ ገባ። ያጸዳው የሠሪዎቹን ማስረጃ ነው፤ የዘመናት አፈር ተጠርጎ ተጣለ። በ1905 ራንዳል ማኪቨር፣ በ1929 ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን መጥተው የቀረውን በጥንቃቄ አዩና ሥራው የአፍሪካውያን ነው አሉ። ነጩ ሰፋሪ አልሰማም። ለምን ይሰማል? ተረቱ መሬት ይዞለታል። በ1980 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ስሟን ከዚያ ድንጋይ ወሰደች።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም እንላለን። ጥሩ። እንግዲያው የገዛ አገራችንን ድንጋይ ለግዙፎች ስንሰጥ ማን አስገድዶን ነው?

ሐርላ ግን ከተረት ወጥታለች። በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የቲሞቲ ኢንሶል ቡድን ከኢትዮጵያ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ከ2015 ጀምሮ ቆፈረና ውጤቱ በ2017 ለዓለም ተነገረ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ። የጌጣጌጥ ሠሪዎች መሥሪያ ወጣ። ከግብፅ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና የመጣ ዕቃ ወጣ። መስጊዱ በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ካሉት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። ግዙፎቹ ጠፉ፤ በቦታቸው አንጥረኛና ነጋዴ ተተኩ። የትኛው ይበልጣል? ለእኔ አንጥረኛው።

ዳሰሳ ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው አርኪዮሎጂ ሲባል ቁፋሮ ይመስለዋል። ቁፋሮ የመጨረሻው ነገር ነው። ውድ ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ አንዴ የቆፈሩትን መልሶ መቆፈር አይቻልም። መጀመሪያ የሚመጣው ዳሰሳ ነው፤ በእግር መሄድ።

ሥራው ይህን ይመስላል። አምስት ስድስት ሰው ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ በመካከላቸው አሥር አሥራ አምስት ሜትር ትተው ኮረብታውን ቀጥ ብለው ያቋርጡታል። ዓይን መሬት ላይ። የሸክላ ስባሪ ያየ ይቆማል፤ ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ይይዛል፣ መለኪያ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል፣ ስባሪውን እዚያው ይተወዋል። ኮረብታው ሲያልቅ ዞረው በሌላ መስመር ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ ነጥቦች መሰብሰብ ይጀምራሉ። ሸክላ የበዛበት ሰው የበዛበት ነው። አመድና የብረት ዝቃጭ ያለበት ቀጥቃጭ የነበረበት ነው። ምንም የሌለበትም ይናገራል፤ ምናልባት ገበያ፣ ምናልባት የከብት ማደሪያ።

ቀጥሎ ግድግዳው። ሜትርና ኮምፓስ በቂ ነው። ውፍረቱ ስንት ነው? ድንጋዩ ተጠርቧል ወይስ እንዳለ ተደርድሯል? በጭቃ ተያይዟል ወይስ ደረቅ ነው? ማዕዘን አለው ወይስ ክብ ነው? በሩ ወዴት ያያል? አንዱ ክፍል ከሌላው በኋላ እንደተጨመረ የግድግዳዎቹ መገናኛ ይነግራል፤ የተቆላለፈ ከሆነ አብሮ ተሠርቷል፣ የተደገፈ ከሆነ ኋላ መጥቷል። መስጊድ ከሆነ የቂብላው ግድግዳ ያጋልጠዋል።

አሁን በኮረብታ ላይ ያለውን የድንጋይ ክብ እዩት። ከሩቅ ያየው ሁሉ «ምሽግ ነው» ይላል። እስቲ ቀስ እንበል። ምሽግ ከሆነ በሩ ጠባብ ይሆናል፣ ግድግዳው ጠላት በሚመጣበት ወገን ይወፍራል፣ ውስጡ ወይ አጠገቡ ውሃ ይኖራል። የከብት በረት ከሆነ በሩ ይሰፋል፣ አፈሩ በፍግ ይለሰልሳል፣ ሸክላው ይሳሳል። ሶማሌ አርብቶ አደር ዛሬም በረት ያጥራል፤ እሾህ ባለበት በእሾህ፣ ድንጋይ ባለበት በድንጋይ። ሦስተኛም አለ፦ በሶማሊኛ ታሎ የሚባለው የድንጋይ ክምር፣ ከእስልምና በፊት የነበረ መቃብር ሊሆን የሚችል። አራተኛም አለ፦ ሦስቱም በየተራ። ጥንት መቃብር፣ ኋላ መንደር፣ ዛሬ የፍየል ማደሪያ። አንድ ክብ ድንጋይ ሦስት ሺህ ዓመት ተሸክሞ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከስልክ ካሜራ ርቀት ግን ሁሉም አንድ ነው።

ዳሰሳ ከዚህም አልፎ ትልቁን ጥያቄ ይነካል። እነዚህ ከተሞች ለምን ባዶ ሆኑ? የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ነው? ድርቅ ነው? ቅፍለቱ መንገድ ስለቀየረ ነው? ሰዉ ከተማውን ትቶ ወደ ከብቱ ስለተመለሰ ነው? ከተማው ተቃጥሎ ከሆነ የጠቆረ ድንጋይ ይኖራል። ቀስ ብሎ ተለቆ ከሆነ ሰው ዕቃውን ይዞ ስለሚሄድ የሚቀረው ስባሪ ብቻ ነው። የሃያ ከተሞች ዳሰሳ ጎን ለጎን ሲቀመጥ መልሱ መታየት ይጀምራል። የአንዱ ብቻ አይበቃም። ለዚህ ነው መቁጠር የሚያስፈልገው።

«ግን እኮ…»

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ በአራት ይመጣል።

አንደኛው፦ «ሕዝብ ውሃ በጠማው አገር ድንጋይ ትቆጥራለህ?» ይህ ክርክር የሚነሳው ስለ ምሥራቅና ስለ ደቡብ ሲወራ መሆኑ አይገርምም? ላሊበላን ለመጠገን ገንዘብ ሲፈለግ ላስታ ድርቅ አያውቅም ያለ አልሰማሁም። ደግሞም የድሮ ከተማ የሚገኘው ውሃ የነበረበት ቦታ ነው። የጥንት ሰው የት ጉድጓድ እንደቆፈረ፣ የዝናብ ውሃ የት እንዳጠራቀመ የሚያሳይ ካርታ ለአርብቶ አደሩም፣ ለውሃ መሐንዲሱም ቁም ነገር ነው።

ሁለተኛው፦ «ቅዱስ ቦታ ነው፣ ሙታንን አትቀስቅስ።» ይህን ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። መልሱም ከላይ አለ፤ ዳሰሳ አይቆፍርም። አንድ ድንጋይ አያነሳም። የመቃብሩን ጠባቂ ሳይጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹን ሳያስፈቅድ የሚጀምር ዳሰሳ ካለ ደግሞ ዳሰሳ ሳይሆን ድፍረት ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህን ድንጋዮች እስከ ዛሬ ያቆያቸው የቅርስ ቢሮ አይደለም። ዚያራው ነው። ወሊዩ የተኛበትን ድንጋይ ማንም ለቤት መሠረት አይጭነውም። ዕውቀቱም፣ ጥበቃውም እዚያ ነው ያለው፤ አጥኚው እንግዳ ነው፣ ጫማውን አውልቆ ይግባ።

ሦስተኛው ይከብዳል፦ «የጎሳ ጠብ ታስነሳለህ። ፍርስራሹን የሠሩት አያቶቻችን ናቸው የሚል ይመጣል፤ ቀጥሎ መሬቱ የኛ ነው ይላል።» ሥጋቱ እውነት ነው። ሐርላ የሚባለውን የጥንት ሕዝብ ዘሬ ነው የሚለው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ግን ጠቡን የሚያቀጣጥለው ምንድነው? ባዶ ቦታ ነው። መረጃ በሌለበት ሁሉም የፈለገውን ባንዲራ ይተክላል። ዳሰሳ የሚያወጣው ነገር ለማንም ንጹሕ የባለቤትነት ካርታ አይሰጥም። የሚያሳየው ቅይጥ ነው፦ የግብፅ ሳንቲም፣ የቻይና ሳህን፣ የአገሬው ሸክላ፣ በአንድ ቤት ወለል ላይ። ይህን አይቶ «የእኔ ብቻ» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ስለ ድንበሩም ቢሆን ያው ነው። ከተሞቹ ሲሠሩ የ1897 መስመር አልነበረም። የአውበሬን ድንጋይ ከአሙድና ከአባሳ ነጥሎ ማጥናት ግማሽ ገጽ እንደማንበብ ነው።

አራተኛው፦ «ጸጥታው አያስተማምንም።» አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ያኔ አይኬድም። ግን ሰላም በሆነበት ዘመንስ ማን ሄደ?

ሕጉ አለ፤ እግር የለም

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአገሪቱ ላለው ቅርስ ሁሉ ነው። መንገድ ሲሠራ፣ ቤት ሲሠራ፣ ማዕድን ሲፈለግ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርስን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። የሚያምር ሕግ ነው። ግን ለመመደብ መጀመሪያ መዝገብ ላይ መኖር ያስፈልጋል። የመንገድ ሥራ ተቋራጩ ዶዘሩን ከማስነሳቱ በፊት የሚያየው ካርታ ላይ ነጥብ ከሌለ፣ ሕጉ የሚጠብቀው የቱን ድንጋይ ነው? በዶዘር ፊት ማስረጃ ያልያዘ ድንጋይ ጠጠር ነው።

ኢትዮጵያ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ 12 ቦታ አላት። ሰባቱ ከ1978 እስከ 1980 ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የገቡ ናቸው። ሐረር ጁገል በ2006 ገባች። ኮንሶ፣ ኮረብታ ላይ ያሉ ባለ ድንጋይ ቅጥር መንደሮቿን ይዛ፣ በ2011። ከሶማሌ ክልል የገባው ዜሮ ነው። በአገሪቱ በስፋት ሁለተኛ ከሆነው ክልል፣ ዜሮ። ዩኔስኮ ይወቀስ እያልኩ አይደለም። ዩኔስኮ የሚመዘግበው የተዘጋጀ ሰነድ ነው፤ ሰነድ የሚዘጋጀው ከጥናት ነው፤ ጥናት የሚጀምረው ከእግር ነው።

መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ልንገራችሁ። በብሪታኒያና በአየርላንድ ኮረብታ ላይ ያሉ ጥንታዊ ቅጥሮችን ሁሉ የሚዘረዝር አትላስ በ2017 በኢንተርኔት ወጣ። የኦክስፎርድ፣ የኤድንብራና የኮርክ ዩኒቨርሲቲዎች ሠሩት፤ ተራ በጎ ፈቃደኞችም በየሰፈራቸው ኮረብታ ወጥተው ቅጽ እየሞሉ ላኩ። ውጤቱ 4,147 ቦታ። ማንም ሰው በነፃ ይከፍተዋል። እዚያ ደሴት ላይ የፈረሰ አጥር ሁሉ ቁጥር አለው። ይህ የሀብት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅጽ መሙላት ሀብት አይደለም።

እንግዲህ ማን ይሂድ?

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፈልጎ የሚቸገር ተማሪ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ መስክ ሲባል ወደ ሰሜን የሚታያቸው። ሁለቱን አገናኙ። አንዱ መለካት ያውቃል፣ ሌላው ቋንቋውንና ሽማግሌውን ያውቃል። ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወረዳ፣ አንድ ሰነድ። ሰነዱ በሶማሊኛና በአማርኛ ይውጣ፤ ከቻሉ በእንግሊዝኛ ይጨመርበት። እስከ ዛሬ የነበረው ግልባጩ ነው፤ የአውበሬ ልጅ ስለ አውበሬ ለማንበብ የእንግሊዝ መጽሔት ሊከፍት ይገደዳል፣ ያውም ከፍሎ።

የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣንና የክልሉ ባህል ቢሮ የሚጠየቁት ትልቅ ነገር አይደለም። ፈቃዱን አታጓትቱ። የሚወጣውን ነጥብ በመዝገብ ያዙት። ለመንገድ ሥራውና ለከተማ ፕላኑ ክፍል አንድ ቅጂ ስጡ። በቃ።

ለእናንተ ደግሞ፣ ስልክ በእጃችሁ ላለ። ፍርስራሽ አጠገብ ካደጋችሁ ፎቶውን አንሱ፤ መለኪያ ይሆን ዘንድ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ፤ ሽማግሌውን ስሙን ጠይቁና ጻፉ። ምንም አታንሱ፣ ምንም አትቆፍሩ። ትክክለኛ ቦታውን ግን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት። ወርቅ አለ የሚል ወሬ ከዶዘር ባልተናነሰ ያፈርሳል። ለሚመዘግብ ሰው ስጡት፤ የሚመዘግብ ከሌለ እስኪመጣ ያዙት።

በርተን ቸኩሎ አለፈ። ከርል ድንበር እየለካ አለፈ። ሁለቱም አላፊ ነበሩ፤ ከአላፊ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። እኛ ግን አገራችን ነው እያልን ነው ያለፍነው። አገራችን ከሆነ አንድ ጊዜ ቆመን ግድግዳውን እንለካው።